ለልጁ የተተወ ጥግ

ቅጽል ስሟ መቅረጫ ነው። ደንበኛ ሲያወራላት እርሳስ መቅረጽ ስለምትወድ ነው የሚሉ አሉ። በደንብ የሚያውቋት ግን ምላሷን ነው የሚያነሡት፤ አጠገቧ የዋለ ሰው ሳይቀረጽ አይሄድም። ሙያዋ አርክቴክትነት ነው። ከመነጽር ሱቅ በላይ ባለች፣ ደረጃዋ ጠባብ መስኮቷ ሰፊ በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ጠረጴዛዋ አባቷ ልብስ ይሰፉበት የነበረው ነው፤ ጠርዙ ላይ የመቀስ ጭረት አሁንም አለበት።

ደንበኛ ሲመጣ ኮምፒውተር አትከፍትም። ኮምፒውተሩ አለ፣ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። እሷ መጀመሪያ ከጥቅሉ ስስ ወረቀት ትዘረጋለች፣ ሰውየውን ከጠረጴዛው ባሻገር ታስቀምጣለች፣ ከዚያ "ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ወዴት ነው የሚሄዱት?" ብላ ትጠይቃለች። ስንት ክፍል ይፈልጋሉ፣ ቦታው ስንት ካሬ ነው የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ስለ ጠዋቱ ሲያወራ እጇ ይሄዳል፤ አልጋው፣ በሩ፣ ብርሃኑ የሚገባበት ወገን ወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ ይላሉ።

የሚገርመው አሳሳሏ ነው። ገልብጣ ነው የምትስለው። ከሷ ወገን ሲታይ የተዘቀዘቀ ነው፤ ከደንበኛው ወገን ግን የቀና። ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ጨርቁን ዘርግተው፣ ደንበኛውን ባሻገር አቁመው፣ ሊሰፉለት ያሰቡትን ኮት በጠመኔ ወደሱ አዙረው ይስሉለት ነበር። "ሰው የሚለብሰውን ተዘቅዝቆ ማየት የለበትም" ይሉ ነበር። ልጃቸው ደግሞ የሚኖርበትንም አለች።

ስለ እጅ ሥዕል ከጠየቋት ቶሎ አትጨርስም። ኮምፒውተር ያወጣው ሥዕል ያለቀ ይመስላል ትላለች፤ ሰው ደግሞ ያለቀ ነገር ፊት ያፍራል። እሺ፣ ጥሩ ነው ብሎ ይሄድና ቤቱ ከተሠራ በኋላ እየዞረ ያለቅሳል። የእጅ መስመር ግን ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ገና እንደሆነም ስለሚያስታውቅ ደንበኛው ይደፍራል። "እቺን ግድግዳ ገፋ ብታደርጊያት" ይላል። ያኔ እርሳሱን ታቀብለዋለች። "እርስዎው ይግፏት።" እርሳስ የጨበጠ ደንበኛ ከዚያ በኋላ ዝም አይልም።

እንዲህ ያለ እጅ ይዛ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ይህም የሆነው ከረባት በሚባል ሰው ምክንያት ነው። ከረባት አብሯት የተማረ፣ አብሯት ቢሮ የከፈተ ሸሪኳ ነበር። ያኔ እሷ አፍ አልነበራትም፤ ሰው ፊት ስትቀርብ ላብ ያጠምቃት ነበር። እሱ ደግሞ አፍ ብቻ ነበር። ሥራ ያመጣል፣ ደንበኛ ያስቃል፣ የማይናገረውን ሰው ሁሉ ያናግራል። አቀማመጣቸው የታወቀ ነው፤ እሱ ከደንበኛው ጎን፣ እሷ ባሻገር። ደንበኛው ያወራል፣ እሷ ትስላለች፣ ሥዕሉ ወደ ሁለቱ የዞረ ነው። ደንበኛው አስቸጋሪ ነገር ጠይቆ ከረባት መልስ ሲያጣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ አንቺ ቀጥይ ማለቱ ነው። ትቀጥላለች። ሲያበቃ ወረቀቱን ወደራሱ ሳብ አድርጎ ከግርጌው ይፈርምበታል። "የቢሯችን እኮ ነው፤ የኔም ተጻፈ ያንቺ ምን ለውጥ አለው?" ይላት ነበር። ለውጥ ከሌለው የሷ ለምን አንዴ እንኳ አልተጻፈም ብሎ መጠየቅ ያኔ አልመጣላትም። ሞኝ ነበርኩ ትላለች ራሷም።

ከዚያ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሥራ መጣ። ቦታው መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ይቆረጥ አይቆረጥ እያሉ የአሠሪው ኮሚቴ ሰዎች ሲጨቃጨቁ፣ እሷ ዝም ብላ ዛፉን መሃል ላይ ተወችውና ደረጃውን ዙሪያውን ጠመጠመችበት። ጭቅጭቁ እዚያው ቆመ። ሕንጻው ተሠራ፣ ተሸለመም። ከረባት መድረክ ላይ ወጥቶ "አንዴ ቁጭ ብዬ ነው የሳልኩት" አለ። እሷ ከታች ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አጨበጨበች፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ማጨብጨቧ ነው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ "የእጅ ሥዕል ጊዜው አልፎበታል፤ ደንበኛ ስክሪን ነው የሚፈልገው፤ አንቺም ብታርፊ ይሻላል" አላት። ይህን ሲላት የቤተ መጻሕፍቱ ሥዕል፣ የገዛ እጇ ሥራ፣ በመስታወት ተደርጎ ከጀርባው ተሰቅሎ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መቅረጫ ጥርሷን ነከሰችበት። አፏም የተፈታው ያኔ ነው። ታላቅ እህቷ "ተይው በቃ፣ ለፈጣሪ ስጪው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" ስትላት "እኔ መች ጸለይኩ?" ትላታለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። መቅረጫ ግን እጇን አጣጥፋ እስኪጠራ የምትጠብቅ አይደለችም፤ ያጣችው ቀኑን ብቻ ነበር።

ቀኑ አንድ ከሰዓት በኋላ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ እያለከለከ መጣ። አንዲት አሮጊት ነበሩ።

"ቤት የምትስይው አንቺ ነሽ?" አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው።

"እኔ ነኝ እማማ። አረፍ ይበሉ።"

ሴትዮዋ የመጡት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ ቤት፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይተው ነው። ነርሷ ወጥ ቤቷን ስታሳድስ መቅረጫ የሳለችላት ነው። የሴትዮዋ ልጅ ደግሞ አሮጌ ቤታቸውን አፍርሶ በቦታው ፎቅ ሊያቆም ቆርጦ ተነሥቷል። ያሳተመላቸውን ሥዕል ከቦርሳቸው አወጡ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ።

"እኔ እዚህ ነኝ" አሉ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው። በረንዳው ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ቁምጣ ለብሳ ፀሐይ ስትጠልቅ ታያለች። "እቺ እኔ መሆኔ ነው። ጉልበቴ ቢያያት በሳቅ ይሞታል።"

መቅረጫም ሳቀች። "ታዲያ አልወደድኩትም አይሉትም?"

"እንዴት ብዬ? ያለቀ ነገር ነው። ደግሞ እሱ የተማረ ነው። ድሮ በእጁ ሲስል ነበር ደስ የሚለኝ፣ አሁን ትቶታል። የነርሷን ወረቀት ሳይ እጃችሁ አንድ ሆነብኝና ነው የመጣሁት።"

"ልጅዎ ማን ነው?"

"ያንን ዛፍ የከበበውን ቤተ መጻሕፍት የሠራው" አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱ ላይ ተሰበረ። መቅረጫ አጎንብሳ መቅረጽ ጀመረች፤ ከሚገባው በላይ ቀረጸችው። ቀና ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ ደግ ፈገግታ ግን አልነበረም።

"ነገ እርስዎ ቤት ሆነን ብንስለው ይሻላል እማማ" አለች። "ቤት ከነባለቤቱ ነው የሚሳለው።"

የሴትዮዋ ሳሎን ወለሉ እንጨት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲረግጡት ይጮኻል። ሴትዮዋ ያቺን ቦታ እያወቁ ነው የሚረግጧት። "አለሁ እንድትለኝ ነው" ይላሉ። ከቴሌቪዥኑ በላይ የቤተ መጻሕፍቱ ሥዕል ተሰቅሏል። ከረባት አዲስ ቢሮ ሲገባ ለእናቱ የሰጣቸው ነው። ከግርጌው ፊርማው አለ፣ ጅራቱ የረዘመ። ሴትዮዋ በሻርፓቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

"ደመናውን አየሽው?" አሉ። "እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ዝናብ ያዘለ ይመስላል።"

ደመና አልነበረም። የመቅረጫ እጅ አንጓ ያሻሸው የእርሳስ እድፍ ነው። ገልብጦ የሚስል ሰው እጁ የሚያርፈው በሥዕሉ አናት፣ በሰማዩ ላይ ነው። እንደማንኛውም ሰው አቅንቶ የሚስል ግን የሚያቆሽሸው ግርጌውን ነው። ከረባት ከታች ሲፈርም ከላይ ያለችውን እድፍ ልብ አላላትም።

አሁን ልናገር ብላ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ዋጠችው። ብትናገር ማን ያምናታል? ቀናተኛ ነው የምትባለው። እናት በልጇ ላይ የሰው አፍ አትሰማም፤ በዓይኗ ማየት አለባት። ደግሞ መቅረጫ የፈለገችው ሴትዮዋ እንዲያውቁ ብቻ አይደለም፤ እሱ እናቱ ፊት ላብ በላብ ሆኖ ማየት ነበር የፈለገችው። ይህን ለራሷ አልደበቀችም።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ሴትዮዋን ባሻገር አስቀመጠች።

"ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"የትም። መጀመሪያ ጉልበቴን አስፈቅደዋለሁ።"

"ከፈቀደስ?"

"ወደ መስኮቱ። ጓሮው ዛፍ ላይ የምትመጣ አንዲት ወፍ አለች፣ እሷን ሰላም ሳልላት ቀኑ አይጀመርልኝም።"

አልጋው ወደ ጓሮው ዞረ። በሩ ላይ ያለችው ደረጃ ጠፋች። መቅረጫ ኮሪደሩን ሰፋ አድርጋ ስትስለው ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርሳሱን ሰጠቻቸው። ግድግዳውን መልሰው አጠበቡት። "ሰፊ ከሆነ ምን ይዤ ልሂድ? በሁለት እጄ ሁለቱን ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው" አሉ። ይህን ማንም አርክቴክት አያስበውም ነበር፤ እሷም አላሰበችውም። ቤቱ ሳይፈርስ፣ ወለሉም እንደጮኸ፣ የሳቸው ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር። ቂሟ እጇን አላበላሸባትም፤ ለዚህ ለዚህስ ሙያዋን ታከብራለች።

"እዚህ ጥግ ላይስ?" አለች ወደ መጨረሻው።

"እሱ የልጄ ነው። ሲደክመው መጥቶ የሚያርፍበት።"

መቅረጫ እርሳሷን አስቀመጠች። "እንግዲያ ይህን እኔ አልነካውም እማማ። ልጅዎ አርክቴክት አይደል? ክፍሉን እሱው ይሳለው። በእጁ፣ እንደ ድሮው። እኔም ባለሁበት ቢሆን ደስ ይለኛል።"

ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዴት ያለሽ አሳቢ ልጅ ነሽ" አሉ። መቅረጫ ምርቃቱን ሳታፍር ተቀበለች።

ከረባት የመጣው ሰንበት ከሰዓት በኋላ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደደገነ ገባ፣ ከጠረጴዛው ባሻገር ያለችውን ሴት አየ፣ ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። ውስጡ ያለው ሰው ሃሎ፣ ሃሎ ሲል ይሰማ ነበር።

"ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አሉ እናቱ።

"አብረን ነው የተማርነው" አለ ቶሎ ብሎ።

"አብረንም ሠርተናል" አለች መቅረጫ።

"ይኸው! ለካ ለዚህ ነው እጃችሁ የሚመሳሰለው።" ሴትዮዋ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡለት። "ና እዚህ። እየው፣ ይሄ የኔ ቤት ነው። አይፈርስም። ፎቁን ሌላ ቦታ ሥራው። ይቺ ጥግ ያንተ ናት፤ በእጅህ እንድትስልልኝ ብዬ ነው ያስተውኳት።"

ከረባት እርሳሱን አየው፤ አላነሣውም። "እማዬ፣ በእጅ መሳል እኮ ድሮ ቀረ። ቢሮ ሄጄ በኮምፒውተር አሳምሬ አመጣልሻለሁ።"

"እኔም ድሮ የቀረሁ ነኝ። በድሮው ሳልልኝ።"

እርሳሱን ያዘ። አንድ መስመር አሰመረ፤ አጥፍቶ ደገመው። ከረባቱን ፈታ አደረገ። አልጋ የመሰለ ነገር ሳለ፣ ከዚያ በር ሳለ፤ በሩ ቢከፈት አልጋውን የሚመታ ነበር። መልሶ አጠፋ። ወረቀቱ ከላጲሱ ብዛት ተጨማዶ ተቀደደ። እናቱ ወደሱ ዘንበል ብለው ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ገና አልሄደም። ያኔ ከረባት ቀና ሳይል ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ያቺን ምት መቅረጫ ታውቃታለች። ስንት ጊዜ ሰምታት እጇን ልካለች። አሁን ሁለቱንም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ አስቀመጠች፣ ዓይኗንም ዓይኑ ውስጥ ተከለች። ደግሞ መታ። አልተንቀሳቀሰችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ግንባሩ ላይ የወጣውን ላብ ጠብታ በጠብታ አየችው፤ እንዲያልቅባት አልፈለገችም።

ሴትዮዋ ከልጃቸው እጅ ላይ ዓይናቸውን አነሡ። ወረቀቱ አናት ላይ አሳረፉት።

"ይሄ ደመና ከየት መጣ?" አሉ።

"የእጄ አንጓ ነው እማማ" አለች መቅረጫ በለሰለሰ ድምፅ። "ገልብጬ ስለምስል እጄ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚያርፈው። ሥዕሎቼ ሁሉ አላቸው።"

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለውን ግድግዳ አዩ። ከዚያ ልጃቸው ያጨማደደውን ጥግ አዩ። ከዚያ ልጃቸውን።

"እማዬ፣ ቢሮው እኮ የጋራ ነበር..." አለ።

"ስልክህ እየጠራ ነው" አሉት። ስልኩ አይጠራም ነበር። ከረባት ተነሣ፣ ወለሉ በእግሩ ስር ጮኸ፣ በሩ ተዘጋ።

"ያንንም የሳልሽው አንቺ ነሽ?" አሉ ሴትዮዋ።

"አዎ።" ስንት ጊዜ ለብቻዋ የተለማመደችው ቃል ነው፤ ሲወጣ ግን ቀጭን ሆነ።

"ታዲያ የኔ ልጅ ምኑን ሠራ?"

መልሱን ታውቀዋለች። ኮሚቴውን ያመጣው እሱ ነው። እሷ አፏ ተሳስሮ በነበረበት ጊዜ ስለሷ ያወራው፣ ሰዎቹን አስቆ ያናገረው እሱ ነው፤ እነሱ ባይናገሩ እጇ የሚስለው አልነበረውም። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

"ምንም" አለች።

ሴትዮዋ ተነሡ። ሥዕሉን ከነመስታወቱ አወረዱት፤ ምስማሩና የደበዘዘ ግድግዳ መሃል ያልደበዘዘ ምልክቱ ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉትና እጃቸውን ጀርባው ላይ ጭነው ቆዩ። አላለቀሱም። መቅረጫ ቢያለቅሱ ይቀለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ የመታችው እሱን መስሏት ነበርና።

"በይ ክፍሉን ሳይው" አሉ።

"የማንን?"

"የልጄን ነዋ። ውሸታምስ መተኛ አያስፈልገውም?" ልጃቸው የተነሣበትን ወንበር መታ መታ አደረጉ። "እዚያ ማዶ ሆነሽ አይደለም። እዚህ ነይ፣ ከጎኔ።"

መቅረጫ ዞራ መጥታ በከረባት ወንበር ተቀመጠች። ደንበኛ ጎን ተቀምጣ ስላ አታውቅም። ሥዕሉ ቀና ብሎ አያት፤ የገዛ ሥራዋ እንግዳ ሆነባት። በተቀደደው ጥግ ላይ አዲስ ቁራጭ ወረቀት ደረበችና ጀመረች።  አልጋውን አስቀመጠች፣ በሩን እንዳይመታው አድርጋ አዞረች። መስኮቱን ግን በጎረቤት የውሃ ታንከር በኩል ከፈተችው።

"ምነው ልጄ፣ ታንከር እያየ ይንቃ?" አሉ ሴትዮዋ። "ወደ ዛፉ አዙሪለት።"

እጇ አንዴ ቆመ። ከዚያ አጠፋችና ወደ ዛፉ አዞረችው።

"አሁን ስምሽን ጻፊበት።"

ከግርጌ ባዶ የቀረው ቦታ ትንሽ ነበር። እዚያው ጻፈችው፤ ልክ ከልጁ አልጋ ስር ሆነ። አንጓዋን ስታነሣ በአዲሱ ቁራጭ ላይ የእርሳሱ እድፍ ከታች ነበር፣ ሰማዩ ላይ ምንም የለም።